ጣት፣ ዘንግና ነፋስ፦ የሐምቡርጉ የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ታሪክ



በ1520 የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች ምጽዋ ወርደው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል በተጓዙ ጊዜ ካመጧቸው ገጸ በረከቶች መካከል ሰይፍ፣ ጥሩር፣ የዓለም ካርታና ኦርጋን ይገኙ ነበር። ይህን የነገረን የተልእኮው ቄስ የነበረው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሲሆን መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ታትሟል። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ። ያን ያህል ተራራ አቋርጦ ሊመጣ የቻለ ኦርጋን ትንሽ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። መሣሪያው በአገራችን ሥር አልሰደደም፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ዜማ፣ የራሷም ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ነበሯት፤ አሏትም። ከስጦታው የቀረልን ስሙ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስሙም ቢሆን ዛሬ በብዙዎቻችን ጆሮ የሚያመለክተው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ መሣሪያ ታላቅ አያት፣ ስለ ቧንቧ ኦርጋን ነው። ይልቁንም የተጫዋቹ ጣትና የቧንቧው ነፋስ በእንጨት ዘንግ ብቻ ስለሚገናኙበት፣ ኤሌክትሪክም ሆነ ሌላ አጋዥ ኃይል በመካከላቸው ስለማይገባበት ዓይነት ነው። ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት አንድ መሣሪያ መርጬ በእርሱ በኩል ላስረዳ እወዳለሁ፤ እርሱም በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውና በ1693 የተጠናቀቀው ኦርጋን ነው። ይህ መሣሪያ ሁለት የዓለም ጦርነቶችን አልፏል። ከጦርነቱ ባልተናነሰ ደግሞ «ጊዜው አልፎበታል» ከሚል ፍርድ ተርፏል። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሁለት ገጽ አለው፤ አንድ የእጅ ሥራ ሦስት መቶ ዓመት እንዴት ይኖራል? ማንስ ያኖረዋል?

ኦርጋን የተወለደው በቤተ ክርስቲያን አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው መሐንዲስ ክቴሲቢዮስ ነፋስን በውኃ ክብደት አርግቶ ወደ ቧንቧዎች የሚልክ መሣሪያ ሠራ። ሮማውያን ይህን መሣሪያ በአደባባይ ትርኢቶቻቸው ተጠቀሙበት፤ በቢዛንጥዮም ደግሞ የቤተ መንግሥት ክብር መግለጫ ሆነ። በ757 ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 5ኛ ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን ኦርጋን በስጦታ ላከ። ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት መሣሪያው ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ገዳማትና ካቴድራሎች ገባ። በስዊዘርላንድ በሲዮን ከተማ በቫሌር ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ኦርጋን በ1430ዎቹ ገደማ የተሠራ ሲሆን እስከ ዛሬ ይጫወቱበታል። ፖርቱጋሎቹ ወደ እኛ በመጡበት ዘመን እንግዲህ ኦርጋን በአገራቸው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ከሆነ ቆይቶ ነበር።

ሐምቡርግ በኤልቤ ወንዝ ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። በ17ኛው መቶ ዓመት በንግድ የበለጸጉት ነዋሪዎቿ በታላላቅ አብያተ ክርስቲያናታቸው ኦርጋኖች ይኮሩና ይፎካከሩ ነበር። በዚህ ፉክክር መካከል ስሙ የገነነው በ1648 ከአናጢ አባት የተወለደው አርፕ ሽኒትገር ነው። በሐምቡርግ ለቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን በ1687 ያጠናቀቀው ኦርጋን 67 የድምፅ ዓይነቶች ነበሩት፤ ያ መሣሪያ በ1842 ከተማዋን ባጋየው ታላቅ እሳት ጠፋ። የቅዱስ ያዕቆቡን ሥራ በ1689 ጀምሮ ከአራት ዓመት በኋላ ፈጸመው፤ 60 የድምፅ ዓይነቶች፣ አራት የእጅ ቁልፍ ረድፎች፣ የእግር ቁልፎችና ወደ 4,000 የሚጠጉ ቧንቧዎች አሉት። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ሽኒትገር በቦታው የነበረውን አሮጌ ኦርጋን ሙሉ በሙሉ አልጣለውም። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሠሪዎች ያበጇቸውን ጥሩ ጥሩ ቧንቧዎች መርጦ በአዲሱ መሣሪያ ውስጥ አኖራቸው። አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው ካለፈው ምን እንደሚያስቀር አስቦ እንደሚሠራ ይህ ምስክር ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው ውስጥ እንግባ። መጀመሪያ ነፋስ ነው። የአንጥረኛን ወናፍ ያየ ሰው የኦርጋንን ሳንባ አይቷል፤ ልዩነቱ በመጠኑ ነው። የኦርጋኑ ወናፎች በእንጨት ሰሌዳና በቆዳ የተሠሩ ትላልቅ ዕቃዎች ሲሆኑ፣ ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት የሚያነሣቸው ሰው በእግሩ እየረገጠ ነበር። ረጋጩ ወናፉን ያነሣዋል፤ ወናፉ በራሱ ክብደት ሲወርድ ነፋሱን ሳያናውጥ ይገፋዋል። ምእመናን ኦርጋኒስቱን ያደንቃሉ፤ ረጋጮቹን ግን የሚያያቸው አልነበረም። እነርሱ ካልረገጡ ግን ከ4,000ው ቧንቧ አንዱም አይተነፍስም።

ነፋሱ በእንጨት ቦይ ተጉዞ በቧንቧዎቹ ሥር ወዳለው የነፋስ ሣጥን ይገባል። ሣጥኑ ሁለት በሮች አሉት ብለን እናስብ። አንዱን የሚከፍተው ቁልፉ ሲሆን «የትኛው ድምፅ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። ሁለተኛውን የሚከፍተው ከተጫዋቹ ግራና ቀኝ ያለው የሚሳብ እጀታ ነው፤ እርሱም «በምን ዓይነት ቃና?» ለሚለው ይመልሳል። እጀታው ሲሳብ ቀዳዳዎች የተበጁለት ረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ይንሸራተታል፤ ቀዳዳዎቹም ከአንድ ረድፍ ቧንቧዎች እግር ጋር ይገጥማሉ። እጀታው ሲመለስ ቀዳዳዎቹ ይዛነፋሉ፤ ረድፉም ዝም ይላል። አንድ ቧንቧ እንዲጮኽ ሁለቱም በሮች መከፈት አለባቸው።

ከቁልፉ እስከ ሣጥኑ ያለው መንገድ የዚህ መሣሪያ ልብ ነው። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ከቁልፉ ጋር የተያያዘ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይሳባል። ቁልፎቹ በእጅ ልክ ተጠጋግተው ሲደረደሩ፣ ቧንቧዎቹ ግን ሰፊ ቦታ ይዘው የቆሙ ናቸው። ስለዚህ ዘንጉ እንቅስቃሴውን በዛቢያው ላይ ለሚዞር በትር ያስረክባል፤ በትሩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ተሸክሞት ከቧንቧው ትይዩ ያደርሰዋል። በዚያም ሌላ ዘንግ ቆዳ የለበሰውን ክዳን ይስበዋል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ነፋሱ ያልፋል። ጣቱ ሲነሣ የሽቦ ሞላ ክዳኑን መልሶ ይዘጋዋል። የሥራው ሥርዓት ይኸው ነው። በውስጡ ዓይን የማያየው፣ እጅም የማይነካው አንዳች ነገር የለም።

ቧንቧዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ፊሽካ ነፋሱ በአፋቸው ስለት ላይ ሲሰነጠቅ የሚጮኹ ናቸው። ሁለተኛዎቹ በውስጣቸው የሚርገበገብ የነሐስ ምላስ ያላቸው ሲሆኑ፣ ቃናቸው ወደ መለከት ያደላል። የተሠሩትም ከእንጨት ወይም ከእርሳስና ቲን ከተባለው ነጭ ብረት ቅይጥ ነው። ቁመታቸው ድምፃቸውን ይወስናል፤ ቧንቧው በእጥፍ ሲረዝም ድምፁ አንድ ስምንዮሽ ይወርዳል። ሠሪዎቹ በጫማ ይለካሉ። የ8 ጫማው ረድፍ ከሰው ድምፅ ጋር የሚስማማው ነው፤ በእግር ከሚጫወቱት መካከል ግን 32 ጫማ፣ ማለትም ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ መጠሪያ ያላቸው አሉ። የእነዚህ ድምፅ ከጆሮ ይልቅ በደረትና በወንበሩ እንጨት ይሰማል።

አራቱ የቁልፍ ረድፎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የቧንቧ ቤት አላቸው። ዋናው ከተጫዋቹ ራስ በላይ ነው፤ ከእርሱ በላይ ሌላ አለ፤ ሦስተኛው በተጫዋቹ ደረት ትይዩ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ከጀርባው፣ በሰገነቱ ጠርዝ ላይ፣ ለምእመናኑ እጅግ ቀርቦ የተሠራ ነው። የእግሮቹ ቧንቧዎች ግራና ቀኝ እንደ ግንብ ይቆማሉ። ተጫዋቹ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው እጁን ሲያዛውር የሚለወጠው ቃናው ብቻ ሳይሆን ድምፁ የሚመጣበት ቦታም ነው፤ እንደ ግራና ቀኝ መዘምራን አንዱ ይጠይቃል፤ አንዱ ይመልሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል። ኦርጋን እንደ ፒያኖ አይደለም፤ ቁልፉን አጥብቆ መምታት ድምፁን አያጎላውም። ታዲያ ጣት ከክዳኑ ጋር በዘንግ መገናኘቱ ምን ይጠቅማል? መልሱ በድምፁ መነሻና መድረሻ ላይ ነው። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት በሣጥኑ ውስጥ ያለው ነፋስ ገፍቶ ይዞታል፤ ስለዚህ ቁልፉ መጀመሪያ ትንሽ ይቋቋማል፤ ከዚያ በድንገት ይለቃል። ተጫዋቹ ቧንቧው መተንፈስ የሚጀምርበትን ቅጽበት በጣቱ ጫፍ ያውቀዋል። ቀስ ብሎ ሲከፍተው ቃሉ ለስለስ ብሎ ይነሣል፤ ፈጥኖ ሲከፍተው ይጠራል። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በገና የሚደረድር ሰው ጣቱ ከጅማቱ የምትለይበት ቅጽበት ምን ያህል እንደሚያከራክር ያውቃል። የዚህ ጥቅም ዋጋም አለው። ሁለት ሦስት የቁልፍ ረድፎች ሲያያዙ ጣቱ የሚስባቸው ክዳኖች ይበዛሉ፤ ቁልፉም ይከብዳል። ይህ ክብደት በኋላ የመሣሪያውን ዕጣ ለመወሰን በቅቷል።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ቅዱስ ያዕቆብ ኦርጋን ስናወራ ሊታለፍ የማይችል አንድ ታሪክ አለ። በ1720 የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋኒስት በሞት ሲለይ ለቦታው ከታሰቡት አንዱ የ35 ዓመቱ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነበር። ባኽ በሐምቡርግ ተጫውቶ አድናቆትን አትርፎ ነበር። ሆኖም የፈተናው ቀን ሳይደርስ ወደ ጌታው ወደ ኮተን መመለስ ነበረበት፤ ቦታውም ለዮሐን ዮአኪም ሃይትማን ተሰጠ። ሃይትማን ከተመረጠ በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ ካዝና 4,000 ማርክ ከፈለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰባኪ ኤርድማን ኖይማይስተር በነገሩ አዝኖ፣ መልአክ እንኳ ከሰማይ ወርዶ ቢጫወት ገንዘብ ከሌለው ባዶ እጁን እንደሚመለስ በስብከቱ እንደ ተናገረ ይተረካል። መሣሪያ ምንም ያህል ታላቅ ቢሆን ማን እንደሚቀመጥበት የሚወስኑት ሰዎች ናቸው።

19ኛው መቶ ዓመት ሌላ ጆሮ ይዞ መጣ። ሰዎች የኦርኬስትራን ግርማ ከኦርጋን ጠበቁ፤ መሣሪያዎቹም ገዘፉ፤ ቁልፎቹም ከበዱ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባርከር በነፋስ ግፊት ጣትን የሚያግዝ መሣሪያ ፈለሰፈ፤ ታላቁ የፈረንሳይ ሠሪ አሪስቲድ ካቫዬ-ኮል በ1841 በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የሳን-ዴኒ ቤተ ክርስቲያን ተጠቀመበት። ቀጥሎ የእንጨቱን ዘንግ በቀጫጭን የነፋስ ቱቦዎች፣ ኋላም በኤሌክትሪክ ሽቦ መተካት ተጀመረ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነበረው፤ ቁልፉ ቀለለ፤ ተጫዋቹም ከቧንቧዎቹ ርቆ ሊቀመጥ ቻለ። ነገር ግን በጣትና በክዳን መካከል የነበረው ንክኪ ተቋረጠ። የፋብሪካ ኦርጋን ሲስፋፋ የሽኒትገርን የመሰሉ መሣሪያዎች «አሮጌ» ተባሉ፤ አንዳንዶቹ ተለወጡ፤ አንዳንዶቹም ፈርሰው ተጣሉ።

ይህን አካሄድ ከተቃወሙት አንዱ አልበርት ሽቫይትዘር ነበር። ኋላ በ1913 በጋቦን በላምባሬኔ ሆስፒታል ያቋቋመው ሐኪም ኦርጋኒስትም ነበር። በ1906 ስለ ጀርመንና ስለ ፈረንሳይ የኦርጋን አሠራር በጻፈው ጽሑፍ የፋብሪካውን ሥራ ነቅፎ ለአሮጌዎቹ ጠበቃ ቆመ። ጥቂቶች ሰሙት። ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1917 የጀርመን መንግሥት ለጦር መሣሪያ ሥራ ብረት ሲሰበስብ ከቅዱስ ያዕቆብ ኦርጋን ፊት ለፊት የሚታዩት፣ በቲን የተሠሩት ቧንቧዎች ተወስደው ቀለጡ። መዝሙር ያጀቡ ቧንቧዎች ለጦርነት ግብር ሆኑ።

ጦርነቱ ባበቃ ማግስት፣ በ1919፣ ሃንስ ሄኒ ያን የተባለ ወጣት ደራሲ ይህን የተጎዳ መሣሪያ ቀርቦ መረመረው። ቧንቧዎቹ አብዛኞቹ የ17ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም የቀደሙ መሆናቸውን ባወቀ ጊዜ እንዲታደስ ተሟገተ። ኮንሰርቶች ተዘጋጁ፤ እድሳቱም ተጀመረ፤ በ1925 በሐምቡርግና በሉቤክ የተካሄደው የኦርጋን ጉባኤ ነገሩን በመላው ጀርመን አሰማው። ከዚህም ወደ ጥንቱ አሠራር የመመለስ ንቅናቄ ተስፋፋ። ሆኖም ታሪክ ጸሐፊ የንቅናቄውን ጥፋትም መሸሸግ የለበትም። ወደ ባሮክ ዘመን እንመለስ ባዮቹ በተራቸው የ19ኛውን መቶ ዓመት መልካም መሣሪያዎች ናቁ፤ ብዙዎቹም በእነርሱ እጅ ተለወጡ ወይም ጠፉ። አባቶች በአያቶች ሥራ ላይ የፈጸሙትን በደል ልጆች በአባቶች ሥራ ላይ ደገሙት።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ግን የሐምቡርግ ሰዎች በእጃቸው ያለውን ያውቁ ነበር። በ1942 ቧንቧዎቹና የነፋስ ሣጥኖቹ ተነቅለው ወደ ተጠበቀ ቦታ ተወሰዱ። በ1944 ቤተ ክርስቲያኑ በቦምብ ሲመታ በቦታው የቀረው የኦርጋኑ ውብ የእንጨት ሕንፃ ተቃጠለ። ነፍሱ ተርፋ ቤቷ ነደደ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገንዝብ። መሣሪያው ሊነቀልና መልሶ ሊገጠም የቻለው አሠራሩ ግልጽ ስለሆነ ነው። አናጢ የሠራውን አናጢ ይፈታዋል፤ ዘንግ ቢሰበር ዘንግ ይላጣል፤ ቆዳ ቢያረጅ ቆዳ ይለበዳል። ሠሪው ከሞተ ከብዙ ትውልድ በኋላ እንኳ ሥራውን አይቶ አሳቡን ማንበብ ይቻላል።

ከጦርነቱ በኋላ መሣሪያው ዳግም ቢተከልም የጥንት ጠባዩን በሙሉ አላገኘም ነበር። ከ1989 እስከ 1993 የኦርጋን ሠሪው ዩርገን አሬንድ በጥንቃቄ አደሰው፤ በ1993 ሦስት መቶኛ ዓመቱ ሲከበርም ኦርጋኑ እንደገና ተሰማ። የተቃጠለው ሕንፃና የቀለጡት የፊት ቧንቧዎች በጥንቱ መልክ ተሠሩ። ከውሳኔዎቹ ሁሉ የሚያስተምረኝ የድምፁ ከፍታ ነው። ዛሬ የዓለም ሙዚቀኞች የሚስማሙበት መነሻ ድምፅ 440 ኸርዝ ሲሆን፣ የቅዱስ ያዕቆቡ ኦርጋን ግን ወደ 495 ኸርዝ ይጠጋል፤ አንድ ሙሉ ድምፅ ያህል ከፍ ያለ ነው። ይህ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር አብሮ ለመጫወት ያስቸግራል። ወደ ዛሬው ልክ ለማምጣት ግን የአሮጌዎቹን ቧንቧዎች ቁመት መለወጥ ያስፈልግ ነበር። አዳሾቹ መሣሪያውን ለእኛ ምቾት ከመቁረጥ እኛ ወደ እርሱ እንድንወጣ መረጡ።

በ2017 ዩኔስኮ የጀርመንን የኦርጋን ሥራ ጥበብና ሙዚቃ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረ። የመስቀል በዓል በ2013፣ የጥምቀት በዓል በ2019 የተመዘገቡት በዚሁ መዝገብ ላይ ነው። የተመዘገበው አንድ ኦርጋን አለመሆኑን ልብ እንበል፤ የተመዘገበው መሥራቱ፣ መጠገኑና መጫወቱ፣ ማለትም በሰው እጅ ውስጥ ያለው ዕውቀት ነው። ቧንቧውን በሙዚየም ማኖር ይቻላል፤ ቧንቧውን የሚያናግረውን ጆሮና እጅ ግን ከመምህር ወደ ተማሪ ካልተላለፈ በቀር የሚያኖረው ቦታ የለም።

በመነሻዬ ላነሣሁት ጥያቄ እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ይህ መሣሪያ ሦስት መቶ ዓመት የኖረው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እንጨትና እርሳስ ናቸውና ይቃጠላል፤ ይቀልጣልም። የኖረው ሰው ሊረዳውና ሊጠግነው በሚችል መንገድ ስለተሠራ፣ ደግሞም በየአደጋው ጊዜ አንድ ሰው «ይህ መጥፋት የለበትም» ብሎ ስለተነሣ ነው። ሽኒትገር የቀደሙትን ቧንቧዎች አልጣለም፤ ያን አሮጌ የተባለውን መረመረ፤ ስማቸውን የማናውቃቸው ሠራተኞች በጦርነት መካከል ቧንቧ ተሸከሙ። ለዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ኦርጋን ግን የሚጫወትበት ሰው ከተልእኮው ጋር ቢመጣም፣ መሥራትና መጠገኑን የሚቀበል ተማሪ አልተከለለትም፤ ስለዚህ ስሙ ብቻ ቀረ። እኛም የበገና ጅማት የሚያዘጋጁ፣ ብራና የሚፍቁ፣ ከበሮ የሚለጉሙ እጆች ዛሬም በመካከላችን አሉን። ዕቃዎቻቸውን እንሰበስባለን፤ መልካም ነው። ነገ ግን የምንጠየቀው ስንት ዕቃ እንደ ሰበሰብን ሳይሆን ከእነዚያ እጆች ስንት ተማሪ እንደ ተማረ ነው።